ከበረባሶ እስከ ቡና፦ የቤተልሔም ጥላሁን የንግድ ጉዞ ለይርጋጨፌ ምን ያስተምራል?

በይርጋጨፌ የቡና ለቀማ ወቅት ሲደርስ፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና እያገላበጡ የተጎዳውን ፍሬ ከጤነኛው የሚለዩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በየቤቱ ቡናውን አጥበው፣ ቆልተውና አፍልተው የሚያቀርቡትም እነርሱው ናቸው። ለውጭ ገበያ የሚላከው ቡና ግን ከሞላ ጎደል ሳይቆላ ይሄዳል። መቁላቱ፣ ማሸጉና ስም ሰጥቶ መሸጡ የሚከናወነው በገዢው አገር ነው። ይህን አካሄድ ለመለወጥ ከሞከሩ ኢትዮጵያውያን መካከል የወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን ጉዞ ቀረብ ተብሎ ሊታይ ይገባዋል፤ ጉዞው የተጀመረው ግን በቡና ሳይሆን በጫማ ነበር።

ወይዘሮ ቤተልሔም ያደጉት በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ሲሆን የሂሳብ አያያዝ ትምህርት ተከታትለዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ከቤተሰብ በተገኘ አነስተኛ ገንዘብና በጥቂት ሠራተኞች መሠረቱ። መነሻቸው አገር የሚያውቀው በረባሶ ነበር፤ ከአሮጌ ጎማ የሚሠራው የድሃ ጫማ። የአካባቢው ፈታዮችና ሸማኔዎች ሙያ ተጨመረበት፤ ከዚያም ምርቱ በራሱ የንግድ ስም ለውጭ ገበያ ቀረበ። ልዩነቱን ያመጣው ጎማው አይደለም። ሌሎች ድርጅቶች በውጭ አገር ስም ጫማ ሰፍተው የስፌት ዋጋ ሲቀበሉ፣ እርሳቸው ስሙንም ዋጋውንም በእጃቸው አስቀሩ። ኋላ ወደ ቆዳ ውጤቶች፣ ቀጥሎም ጋርደን ኦፍ ኮፊ በተሰኘው ድርጅት ወደ ቡና ገቡ። ቡናውን በእጅ እየቆሉ በመነሻ አካባቢው ስም መሸጥ ሥራቸው ሆነ። ሦስቱ ንግዶች ሲታዩ የተለያዩ ይመስላሉ፤ አሠራራቸው ግን አንድ ነው።

ስለ እርሳቸው ብዙ ጊዜ የሚነገረው የድፍረት ታሪክ ነው። ለቡና አምራቹ አካባቢ የሚጠቅመው ግን ቅደም ተከተሉ ይመስላል። ስም መያዝና ገዢን ማወቅ አስቀድሞ ከተሠራበት፣ ምርቱን መለወጥ ያን ያህል አይከብድም።

ይርጋጨፌ ስም አላጣም። የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 አመልክቶ ነበር። ከስታርባክስ ጋር የተነሳው ክርክር በ2007 በስምምነት ተቋጨ። ይሁን እንጂ ፈቃዱ ለገዢዎች የተሰጠው ያለ ክፍያ ነው፤ የታሰበው ስሙ እየገነነ ሲሄድ የጥሬ ቡናው ዋጋ ከፍ እንዲል ነበር። እዚህ ላይ ነው ከሶልሬብልስ ጋር ያለው ልዩነት የሚታየው፦ የይርጋጨፌ ስም የአገር ሀብት ሆኖ ቢጠበቅም፣ ከስሙ ጋር የሚሄደው የመቁላት ሥራ ባሕር ማዶ ቀረ።

ታዲያ ለምን እዚሁ አይቆላም? ጥያቄው ቀላል አይደለም። በአግባቡ የተከማቸ ጥሬ ቡና ለወራት ይቆያል፤ የተቆላ ቡና ግን በሳምንታት ውስጥ መዓዛው ይቀንሳል። ከጠጪው ርቆ የሚቆላ ሰው ወይ በአውሮፕላን መላክ፣ ወይ የራሱን ሱቅ መክፈት ይኖርበታል። ወይዘሮ ቤተልሔም መቁያቸውንና ቡና ቤታቸውን መጀመሪያ በአዲስ አበባ መክፈታቸውም በዚህ ዓይን ሲታይ አስተዋይነት ነው። ይርጋጨፌም ከዲላ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ እንግዳ የመሳብ ዕድሏ ሰፍቷል። ነገር ግን ለኤክስፖርት ደረጃ የሚበቃው ቡና ወደ ውጭ፣ ከደረጃ በታች የሆነው ወደ አገር ውስጥ ሲሄድ የኖረበት አሠራር፣ ለእንግዳው ምርጡን ቡና በቦታው ቆልቶ መሸጥን አስቸጋሪ አድርጎት ቆይቷል።

ሌላው እንቅፋት ጊዜና ገንዘብ ነው። ለመታጠብ የሚቀርብ ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ደግሞ ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ያስፈልጋል። የዕለት ወጪ ያለባት ገበሬ ዋጋ እስኪሻሻል የምትጠብቅበት አቅም የላትም። ከጌዴኦ ብዙ በማይርቀው አማሮ የራሳቸውን ማዘጋጃ አቋቁመው በላኪነት የሚታወቁት ወይዘሮ አስናቀች ቶማስ እንኳ ወደ ትውልድ ቀያቸው የተመለሱት አዲስ አበባ ላይ የቡና ንግዱን ካወቁ በኋላ ነው።

ስለዚህ ቆሎ ለመሸጥ ከማሰብ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ። በኅብረት ሥራ ማኅበር የትርፍ ክፍፍል የሚከፈለው በመዝገብ ላይ ስሙ ለሰፈረ አባል ነው። አባልነቱ በባል ስም ብቻ በተያዘበት ቤት፣ ቡናውን ለቅማና ለይታ ያስረከበችው ሴት ለመቁያ ምጣድም ሆነ ለማሸጊያ መነሻ የሚሆን ገንዘብ በራሷ እጅ አይገባም።