ውሻችን እንግዳችንን እንዴት ይቀበል?

ውሻ የቤት ጠባቂ እንደ ሆነ የማያውቅ የለም። ስለዚህም ብዙዎቻችን ቡችላ ስናሳድግ የምንመኘው ኃይለኛ እንዲሆንልን ብቻ ነው። ነገር ግን ሌባ በጨለማ ተደብቆ ይመጣል፤ በቀን በግልጽ በደጃችን የሚቆመው ዘመድ፥ ጎረቤት፥ የነፍስ አባታችን፥ ነዳይም ነው። ኃይለኛው ውሻ እነዚህን ከሌባው ለይቶ አያውቅም።

እኛም በዚህ ነገር በድለናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቤታችን የነበረው ውሻ ሰው ባየ ቍጥር እየዘለለ ሲጮኽ ጎበዝ እያልን እንስቅ ነበር። አንድ ቀን ጧት የቆሎ ተማሪ ከደጃችን ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ውሻው ዘሎ ወጣበት። ልጁ በዱላው ተከላክሎ ሳይነከስ ዳነ፤ እኛ እንጀራውን ይዘን በወጣን ጊዜ ግን ርቆ ሄዶ ነበር፤ ብንጠራውም አልተመለሰ። በሉቃስ ወንጌል በ16ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ በባለጸጋው ደጅ የወደቀውን የአልዓዛርን ቍስል ውሾች ይልሱለት ነበር፤ የጨከነው ባለጸጋው ነው። በእኛም ደጅ ጥፋቱ የውሻው ሳይሆን የእኛ ነበር።

የቡችላ ጠባይ የሚቀረጸው ገና በሕፃንነቱ ነው። ከ3ኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ በሰላም ያየውን ነገር ካደገ በኋላም እምብዛም አይፈራውም። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ልዩ ልዩ ሰው ይየው፤ ጋቢ የተከናነበ ሽማግሌ፥ ጥምጥም ያደረጉ ካህን፥ ዣንጥላና ዱላ የያዘ መንገደኛ፥ የሚሮጥ ሕፃን በዝግታ ይቅረቡት እንጂ አያስደንግጡት።

ቡችላው ዘሎ በእንግዳ ልብስ ላይ ቢንጠላጠል አትጩኹበት፤ ጩኸቱ ጨዋታ ይመስለዋልና። እንግዳውም እናንተም ጀርባችሁን አዙራችሁ ዝም በሉት። አራቱ እግሮቹ መሬት ሲረግጡ ግን አመስግኑት፥ ቍራሽም ስጡት። ቍራሹ የግድ ሥጋ መሆን አይገባውም፤ በጾም ወራት ጥቂት የዳቦ ፍርፋሪ ይበቃዋል።

ከዚህም በኋላ ከቤተ ሰቡ አንዱ ወጥቶ እንደ እንግዳ በር ያንኳኳ፤ ሌላው ቡችላውን በገመድ ይዞ «ተቀመጥ» ይበለው። ሲቀመጥ በሩ ይከፈት፤ ሲነሣ ይዘጋ። ይህን በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ደጋግሙት፤ ሁላችሁም አንድ ቃል ተናገሩ። ሲያጕረመርም አትምቱት፤ ማጕረምረሙ ማስጠንቀቂያው ነውና፥ በዱላ ዝም ያሰኙት ውሻ ኋላ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ይልቁንስ ከፈራው ነገር አርቁት። ቀንና ሌሊት በሰንሰለት ማሰርም ጠባዩን ያከፋዋል። የጽዋ ማኅበር በቤታችሁ በሚዘከርበት ዕለት ግን፥ ትምህርቱ ያልጸና ቡችላ ውሃው ቀርቦለት በጓሮ ለብቻው ይቆይ።

ደግሞም በ3 ወሩ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ይከተብ፤ በየጊዜውም ይደገምለት። በውሻ የተነከሰ ሰው ቍስሉ ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ታጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን ክትባቱን አይተው፤ የዚህ በሽታ ምልክት ከታየ በኋላ መዳን የለምና።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ እኛ ደግሞ ያሳዳሪውን ጠባይ ይጮኻል እንላለን። ባለ መኪናውን በፈገግታ፥ ቡቱቶ የለበሰውን በቍጣ የምንቀበል ከሆነ፥ ቡችላውም ይህንኑ ከእኛ ይማራል። ስለዚህ ትምህርቱ ከባለቤቶቹ ይጀምር። የዚያ ተማሪ እንጀራ እስከ ዛሬ ዕዳችን ነው፤ እናንተ ግን ቡችላችሁ ገና ሳያድግ አስተምሩት።