የምናፈጥርበት ውሃ ከየት ይመጣል?

ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ይመጣል፤ ስለዚህ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ አዳርሶ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በ1970 ዓ.ም. የገባብን በሐምሌ መጨረሻ በክረምት ነበር። በ1985 ዓ.ም. በየካቲት አጋማሽ ገባ። ዘንድሮ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ዙሩን ጨርሶ እንደገና በየካቲት መጥቷል። ሃምሳን ያለፍን ሰዎች አንድ ሙሉ ዙር አይተናል ማለት ነው፤ አልሐምዱሊላህ። እኛ አገር ቀኑ በበጋም በክረምትም ብዙ አይረዝምም። ሲቀላን የሚያከብዳት የበጋው ሙቀት ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ የጾመኛ ሐሳብ ወዴት እንደሚሄድ የቆላ ሰው ያውቀዋል፤ ወደ ውሃ ነው።

ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከዚያው ከውሃው ነው። በ1950ዎቹ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ደጋ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ ከተማዋ ሁለት ሆና አደገች። ሴቻ ከላይ የመሥሪያ ቤት ሰፈር፣ ሲቀላ ከታች የገበያና የነጋዴ ሰፈር ሆኑ። አባቴም ወደ ሲቀላ የወረደው ለንግድ ነው። ያኔ የሙስሊሙ ቤት ጥቂት ስለነበር በረመዳን ማን እንደታመመ፣ ማን እንግዳ እንደመጣበት፣ የማን ልጅ ዘንድሮ ጾም እንደጀመረ ጀመዓው በሙሉ ያውቅ ነበር።

ቁርኣን የተማርነው በሉሕ ነው። ቀለሙን ከጥላሸት እንበጠብጣለን፤ የጻፍነውን በቃላችን ከያዝን በኋላ ሰሌዳውን እናጥባለን። ያጠብንበትን ውሃ ግን እግር በሚረግጠው ቦታ ማፍሰስ ክልክል ነበር። ኡስታዛችን ከዛፍ ሥር እንድናፈስሰው ያዙን ነበር። የአላህ ቃል የነካው ውሃ ክብር አለው ለማለት ነው። እኛ ልጆች ግን ሌላም ነገር ተማርንበት፤ ውሃ ዝም ብሎ የሚደፋ ነገር እንዳልሆነ ገባን።

መግሪብ ሲቃረብ እናቶቻችን ለጎረቤት የሚሄደውን ሳህን ከእኛ ድርሻ አስቀድመው ያወጡ ነበር። አብዛኛው ጎረቤታችን ክርስቲያን ነው። የእኛ ሾርባና ሳምቡሳ በአጥሩ ወዲያ ይሻገራል፤ ከወዲያ ደግሞ በሽፈራው ቅጠል የተሠራ ኩርኩፋ ይመጣል። ሳህን ባዶውን አይመለስም ነበር። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ የቅርብንም የሩቅንም ጎረቤት መልካም እንድንውልለት ሲያዝ፣ እናቶቻችን አንቀጹን በቃላቸው ባይዙትም በሥራቸው ይዘውታል።

ይህን የማነሳው ትዝታ ጣፋጭ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ያ ሁሉ ኑሮ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነበርና ነው። ምንጮቹ ከገደሉ ግርጌ ከደኑ ውስጥ ይፈልቃሉ። በደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በምድር ውስጥ ሰርጎ እዚህ ይወጣል። በዙሪያው የቆሙት ሾላና ሌሎች ታላላቅ ዛፎች አፈሩን ይዘው፣ ጥላ ሰጥተው፣ ውሃውን ከደለል ይጠብቁታል። የከተማው የመጠጥ ውሃ የሚሳበው ከዚህ ነው። አፈሩን የሚይዘው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የአባያን ሐይቅ ቡናማ መልክ ከጫሞ ጋር አስተያይቶ መመልከት ይበቃል።

ደኑ የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ወገን ነው፤ ፓርኩ የተመሠረተው በ1966 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ማለዳ በመንገዱ ላይ የቆመ ሰው ሴቶችና ልጃገረዶች ከወገባቸው እስኪታጠፉ እንጨት ተሸክመው ሲወጡ ያያል። ያ እንጨት የሚሄደው ወደ ሆቴሉ፣ ወደ ጠላ ቤቱ፣ ወደ እንጀራ ጋጋሪዋ ብቻ አይደለም። ወደ እኛም ቤት ይመጣል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ምድጃችን ይበዛል፤ ሾርባው፣ ሳምቡሳው፣ ወጡ፣ ጣፋጩ ሁሉም እሳት ይፈልጋል። ቀን የተራብንበት ወር ከሌላው ወር ይልቅ ብዙ እንጨት የሚነድበት ወር ሆኗል። በዚያው ደን ሥር የፈለቀውን ውሃ ይዘን ቢስሚላህ ብለን እናፈጥራለን። ማዕዳችን የሚጠጣበትን ምንጭ እየበላ ነው።

እንጨት ተሸካሚዋን አልወቅስም። ያ ሸክም የልጆቿ እራት ነው። ሌላ መተዳደሪያ ያላገኘችን ሴት መከልከል ብቻ ሸክሟን ከጀርባዋ አውርዶ ሆዷ ላይ መጫን ነው። ጥያቄው የሚመለከተው ገዝተን የምናነድደውን እኛን ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ውዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ ውሃ እንደነበር በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል፤ ሙድ ማለት በሁለት መዳፍ የሚታፈስ ያህል ነው። መዲናን ሐረም ሲያደርጓት ዛፏ እንዳይቆረጥ ከልክለዋል። ሙስሊም የተከለው ተክል ሰውም ወፍም እንስሳም ቢበላለት ለተካዩ ሰደቃ እንደሚጻፍለትም አስተምረዋል። ዛሬ ከተራዊህ በፊት ቧንቧ ከፍቶ እያወራ የሚቆም ወጣት ይህን ሱና አልሰማም፤ ወይም የሚነግረው አላገኘም።

የምንኖርበት ሕዝብም ከዚህ የራቀ አይደለም። የጋሞ አባቶች በደጋው ላይ መጥረቢያ የማይገባባቸውን ጥብቅ ደኖች በባህላቸው አስከብረው ኖረዋል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና አካባቢው በደረሰው ግድያ ልባቸው የነደደ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ሲወጡ፣ እነዚሁ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ሣሩን አልፎ አልሄደም። ለምለም ነገር የሚከበርበት አገር ላይ ነው ያደግነው። ከዚህ ሕዝብ ጋር ማዕድ የተሻማን እኛ ደኑን በመጠበቅም ከኋላ ልንሆን አይገባም።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ የኢፍጣራችንን ዓይነት እንቀንስ። ከአራት ድስት ሁለቱ ይበቃል፤ ዒባዳውም ይቀልለናል፣ እናቶችና እህቶችም ከጭስ ወጥተው ቁርኣን የሚቀሩበት ጊዜ ያገኛሉ። ሁለተኛ፣ የሚችል ቤት እንጨት ቆጣቢ ምድጃ ይጠቀም፤ ጎረቤታሞችም በሳምንት አንድ ሁለት ቀን በጋራ ያፍጥሩ። አንድ ትልቅ ድስት ከአሥር ትንንሽ ድስት ያነሰ እንጨት ይበላል፤ የድሮውንም ጉርብትና ይመልሳል። ሦስተኛ፣ የረመዳን ሰደቃችን ላይ ስንመክር እንጨት ተሸካሚዎቹን እናስባቸው፤ ሃይማኖታቸውን ሳንጠይቅ። ለጥቂት ሴቶች ለጉሊት መነሻ የሚሆን ገንዘብ መስጠት ሰውንም ዛፍንም ማትረፍ ነው። አራተኛ፣ ልጆቻችሁን አንድ ቀን ወደ ምንጮቹ ይዛችሁ ውረዱ። ስልክ ላይ የመካን ዘምዘም አይተዋል፤ በየማታው የሚያፈጥሩበት ውሃ ከየት እንደሚወጣ ግን ብዙዎቹ አያውቁም።

ከ33 ዓመት በኋላ ረመዳን እንደገና በየካቲት ሲመጣ አብዛኞቻችን አንኖርም። ያኔ በሲቀላ የሚጾሙት ዛሬ ግማሽ ቀን ጾመው የሚኩራሩት ሕፃናት ናቸው። ምንጩ በእጃችን ያለ አማና ነው። እኛ የተቀበልነውን ያህል እነሱም እንዲያገኙት አላህ ያግዘን። ጾማችሁን ይቀበላችሁ፤ ረመዳን ሙባረክ።