የንጉሡን ወጥ ማን አቀላው?

የታሪክ ድራማ የማየው ለጦርነቱ ሳይሆን ለምግቡ ነው ብል አትሳቁብኝ። በ2003 (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የኮሪያ ድራማ «ዴ ጃንግ ጉም» ስለ አንዲት የቤተ መንግሥት ማዕድ ቤት ሠራተኛ ይተርካል። እሱን እያየሁ የካፌው እራት ያስጠላኛል!

የእኛዎቹስ? አምና ባየሁት አንድ ቴአትር ላይ ለአፄ ዓምደ ጽዮን ቀይ ወጥ ቀረበላቸው። «እንዴ!» ስል ጓደኛዬ «ታዲያ ምን ይብሉ?» አለኝ። ዓምደ ጽዮን የነገሡት ከ1314 እስከ 1344 ነው። ቀዩ በርበሬ ደግሞ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ወደ ሌላው ዓለም የተሻገረው ኮሎምበስ በ1492 እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። ንጉሡ ጨርሶ አያውቁትም።

«ወጡ ቀላ አልቀላ ምን ለውጥ አለው?» የሚል አይጠፋም። ለእኔ አለው። ለዘውዱና ለካባው የተጨነቀ አዘጋጅ ለገበታው ካልተጨነቀ፣ ያን ገበታ ያሰናዱትን ሴቶች ከታሪክ አስወጥቷቸዋል። መረጃ የለም እንዳይባል፣ በ1520 አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጥሬ ሥጋ ሲበላ ማየቱን ሳይቀር ጽፏል።

የቀረው ግን ያልተጻፈው ነው። አያቴ የሽሮዋን ቅመም የምትለካው በእፍኝ ነው። ካልጠየቅኳት እፍኙም አብሯት ይሄዳል። ስለዚህ የሙያ ጓደኞቼ፣ ለበዓል ቤት ስንገባ ከመብላታችን በፊት ማስታወሻ ደብተራችንን ይዘን ማዕድ ቤት እንግባ። ቃለ መጠይቅ ተምረን የለ?