«የሚመለከተው አካል» ማነው? ጎርፍ ስብሰባ እስኪያልቅ አይጠብቅም!

ወገን፣ ይህቺን ሳታነብ አትለፍ።

ክረምት በገባ ቁጥር የምንሰማት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። «በሚቀጥሉት ቀናት ነጎድጓድ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል፤ ቅጽበታዊ ጎርፍ ሊከሰት ስለሚችል የሚመለከታቸው አካላት አስፈላጊውን ጥንቃቄ ያድርጉ» ትባላለች፣ ከዚያ ማስታወቂያ ይገባል። እስቲ ልጠይቅህ፦ ይህ «የሚመለከተው አካል» የሚባለው ሰውዬ ማነው? ቢሮው የት ነው? ስልኩስ ስንት ነው? ክልሉን ስትጠይቅ ወረዳ ይልሃል፣ ወረዳው ቀበሌ ይልሃል፣ ቀበሌ ስትደርስ ደግሞ «ስብሰባ ላይ ናቸው»። ውኃው ግን ስብሰባ አያውቅም።

ከትንበያ ባለሙያዎቹ ጋር ጠብ የለንም። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ደመናውን አይቶ የነገውንና የከነገ ወዲያውን ይነግረናል፤ የጥቂት ቀን ትንበያ ደግሞ ከወቅት ትንበያ በላይ የሚታመን ነው። ችግሩ ያ ወረቀት ከወጣ በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወንዝ ዳር የተኛችው እናት ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ቢደርስስ? ገበሬው «ደራሽ ውኃ» የሚለውን እኛ «ቅጽበታዊ ጎርፍ» ብለን ነገርነው። «በአንዳንድ አካባቢዎች» አልነው። የትኛው ወንዝ? በስንት ሰዓት? ወዴት ይሽሽ? መልስ የለም።

ድሬዳዋን አስታውስ። 1998 ዓ.ም.፣ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ። ደቻቱ በጋውን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ከከተማው በላይ ባለው የሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናብ ሌሊት ወርዶ የተኛውን ሕዝብ ጠራርጎ ወሰደ። ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። ሳምንት ብዙም ሳያልፍ ኦሞ ሞልቶ ደቡብ ኦሞ ውስጥ ከ300 በላይ ሰው ፈጀ። ዝናቡ ደጋ ይጥላል፣ ሞቱ ቆላ ይደርሳል። ስለዚህ የቆላው ሰው የራሱን ሰማይ ብቻ አይቶ መተኛት የለበትም፤ ከላይ ምን እንደጣለ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። በየክረምቱ ርብና ጉማራ የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ገበሬም ጉዳዩ ይኸው ነው።

ጎፋንም አልረሳንም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተናደ። ወገናቸውን ከጭቃው ለማውጣት የሮጡት ሰዎች በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ። ከ200 በላይ ሞተ። የተረፈው በእጁና በአካፋ ቆፈረ፤ አገሩ ፕሮፋይሉን ሻማ አደረገ፣ ባለሥልጣኑ የሐዘን መግለጫ አወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ከተሜ ነኝ ብለህ አትዘናጋ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአንድ ቀን ጎርፍ 7 ሰው ሞቷል። ሒሳቡን ሥራው፦ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር 30 ሊትር ነው። በአንድ ሄክታር ሲባዛ 300,000 ሊትር፣ በባለ 20 ሊትር ጄሪካን 15,000 ጄሪካን! ያ ሁሉ ውኃ አፈር ባለበት የተወሰነው ይሰርጋል። አስፋልትና ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ግን ቱቦ ነው የሚፈልገው። ቱቦው በሃይላንድና በፌስታል ከተደፈነ በማን ቤት ይግባ?

«ትንበያ እኮ ሊሳሳት ይችላል፣ ሕዝብ ለምን እናስደነግጣለን?» የሚሉ አሉ። ትንበያው ቢሳሳት አንድ ሌሊት ትምህርት ቤት ውስጥ አድረን ጠዋት እየተነጫነጭን ቤታችን እንገባለን። ትክክል ሆኖ ዝም ካልን ግን ሬሳ እንለቅማለን። የቱ ይሻላል? «የፈጣሪ ቁጣ ነው» የሚሉም አሉ። ዝናቡ የፈጣሪ ነው፤ ወንዝ አፋፍ ላይ ቦታ መርቶ ካርታ የሰጠው ግን ሰው ነው፣ ስምና ማኅተም አለው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ማስጠንቀቂያው ወንዙን በስሙ ይጥራ፣ ቀበሌውን በስሙ ይጥራ። በየቋንቋችን ይነገር። በየቀበሌው ሌሊትም ስልክ የሚያነሳ አንድ ኃላፊ በስሙ ይመደብ። ሰው የሚሸሽበት ከፍታ ከዝናቡ በፊት ይታወቅ። ቱቦ የሚጠረገው በግንቦት እንጂ ጎርፉ ከገባ በኋላ በነሐሴ አይሁን።

አንተስ ወጣቱ? ዲግሪ ይዘን ሥራ አጥተን ቤት የተቀመጥን ስንት ነን? ጊዜ አለን፣ ስልክ አለን፣ ማንበብ እንችላለን። የዕለቱን ትንበያ አውጣና በሰፈርህ ቋንቋ ተርጉመህ በግሩፑ ልቀቀው። ስልክ የሌላቸውን እማማን በር አንኳኩ። ቄሱንም ሼኹንም አናግር፤ ደወሉና የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ከየትኛውም መግለጫ ቀድመው ይደርሳሉ። ደጋ ያለህ፣ ዝናቡ ሲከብድ ቆላ ላለው ወንድምህ ደውል። ውኃው ከሞላ በኋላ ደግሞ ጀግና ነኝ ብለህ አትሻገር፤ ከጉልበት በታች የሆነ ወራጅ ውኃ ጎረምሳ ይጥላል።

አገሬን እወዳለሁ የምትል ሁሉ፣ ባንዲራውን ከመልበስህ በፊት ከባንዲራው ሥር ያለውን ሰው ከጎርፍ አውጣ። የሚመለከተው አካል እስኪገኝ ድረስ የሚመለከተን እኛ ነን። የማይመለከተውን ደግሞ ከወንበሩ ተነስ እንለዋለን!

ሼር አድርጉት፤ ወንዝ ዳር ያለ ዘመድ ያለው ሁሉ ዛሬውኑ ይደውል።