«ዶክተሩ»

በዓለም ባንክ ሠፈራችን አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ድግስ ይደገሳል፤ ሽማግሌዎች ይመርቁታል፤ ጎረቤቱም ገና ሻንጣው ሳይዘጋ «ዶክተሩ» ይለው ይጀምራል። ምርቃቱ መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ ያን ስም እንደ ዕዳ ተሸክሞት ይሄዳል።

ውድ ወላጆቻችን ዘመኑን እንድትመለከቱልን እንለምናለን። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ቍጥሩ ከፍ አለ ቢባል 8.4 በመቶ ነው። ይህን ያለፈ ተማሪም ቢሆን በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል፤ እርሱን እስኪያልፍ ድረስ ዲግሪውን አይቀበልም። የትምህርቱም ዓይነት በውጤትና በቦታ ብዛት የሚደለደል ስለ ሆነ ሕክምና የተመኘ ሁሉ ሕክምና አይደርሰውም።

አንድ የሠፈራችን ልጅ እርሻ ደርሶት ሳለ ለእናቱ ሳይነግራት አንድ ዓመት አለፈ። እርሷ በስልክ «ዶክተሬ» ትለዋለች፤ እርሱ ዝም ይላል። ለበዓል ሲመጣማ ጎረቤቶች የራስ ምታት መድኃኒት ጠየቁት! ከዚያ ወዲህ ለበዓል መምጣቱን ተወ። አብዛኛው ሕዝቧ በእርሻ በሚኖር አገር እርሻ መማር ስለ ምን እንደሚያሳፍር እኔ አልገባኝም።

የወላጆቻችንን ድካም አንዘነጋም፤ የደብተሩ ዋጋ ከምን ተቀንሶ እንደሚከፈል እናያለን። ይሁን እንጂ እኔ በበኩሌ ተመድቤ ብሄድ በስሜ ብቻ እንድትጠራኝ እናቴን ከአሁኑ ለምኛታለሁ። እርሷ እሺ ብላለች፤ አያቴ ግን እንቢ ብለዋል።