ኅዳር ሲታጠን አስም ያለበት ጎረቤታችን የት ይግባ?



የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ኅዳር 12፣ ከየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ይከመርና እሳት ይለቀቅበታል። ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» ብዙ ሕዝብ ሲፈጅ አባቶቻችን አየሩን በጭስ እናጸዳለን ብለው አጠኑ። በሽታው ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ እሱን ደግሞ ጭስ አይገድለውም። ስለዚህ ጽዳቱን እንያዝ፣ ጭሱን እንተው እንላለን።

አለርጂ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋው ነው። ዝንባሌው በዘር ይወረሳል፤ የሚቀሰቅሰው ግን ከአካባቢያችን ነው፦ የአበባ ብናኝ፣ ሻጋታ፣ የድመት ፀጉር፣ በፍራሽ አቧራ ውስጥ ያለ በዓይን የማይታይ ተባይ። ጭስ ሲጨመርበት አስም ያለበትን ሰው ደረት ጭራሽ ያፍነዋል። በዚያ ላይ ወሩ የመኸር ነው፤ እብቁና አቧራው ብቻውን መች አነሰ?

«እኛስ ጭስ ቤት አድገን ምን ሆንን?» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፣ ጭስ ብቻውን አስምን ይፈጥራል አንልም። በ1989 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የጅማ ጥናት እንኳ አስም በከተማው 3.6 ከመቶ፣ በገጠሩ 1.3 ከመቶ መሆኑን ነው ያሳየው። የከተማ ኑሮ የራሱ ጣጣ አለው ማለት ነው። እዚያው ጅማ ኋላ በተደረገ ጥናት ደግሞ ቤታቸው ነጭ ጋዝ በሚያነዱ ሰዎች ላይ አለርጂ በዝቶ ተገኝቷል። አምቦም፣ ጉደርም፣ ጊንጪም ከተሞች ናቸውና ነገሩ ይመለከተናል። አንድ ጊዜ በሽታው የያዘውን ሰው ግን ጭስ እንደሚያስነሣበት ማንም ሐኪም ይነግራችኋል።

ሌላም አለ። አስም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚያፍነውን ልጅ «ብርድ መታው» ብሎ ጭስ በሞላበት ቤት መስኮት መዝጋት፣ ወይም ኩባያውን መለየት ይቅር። ሐኪም ይየው።

እንግዲህ ዘንድሮ ጠረጋው እንደ ወትሮው ይሁን። ቅጠላ ቅጠሉ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር፤ ለጓሮ ጎመን ማዳበሪያ ይሆናል። ፌስታል፣ ፕላስቲክና አሮጌ ጎማ ከቶ አይቃጠል፤ ለብቻው ተለይቶ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጥ። አይቃጠል አልን ማለት ሁሉቃ ወንዝ ይጣል ማለት እንዳልሆነም አደራ። ይህን ሐሳብ የማይቀበል ካለ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቶ ይናገር፤ አስም ያለባቸው ጎረቤቶቻችንም ይምጡና ይሰሙ።