ተማሪ ቃሉ ሳይሰማ ይባረራልን?

ልጅ ከተማሪ ቤት ተባርሮ ሲመጣ አባት አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን አጠፋህ?» ብሎ ነው፤ «ቃልህን ሰምተውልሃልን?» የሚል ጥቂት ነው።

በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ግዛት ሕጉ የመንግሥት ተማሪ ቤት ዳይሬክተር ተማሪን እስከ 10 ቀን እንዲያባርር ይፈቅድለት ነበር፤ ግዴታውም ምክንያቱን በ24 ሰዓት ውስጥ ለወላጅ ማስታወቅ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1971 በኮሎምበስ ከተማ በአንድ ተማሪ ቤት የምግብ አዳራሽ ሁከት ተነሥቶ ዕቃ ቢሰበር፥ አንድ ተማሪ ከብዙ ጓደኞቹ ጋራ ተባረረ። እርሱም «ቆሜ አየሁ እንጂ አልሰበርሁም» አለ፤ ነገር ግን ይህን የተናገረው በፍርድ ቤት ነው፤ ከመባረሩ በፊት ቃሉን የሰማው አልነበረምና።

በ1975 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ዳኞች ድምፅ፥ ሕግ ለልጁ የሰጠው የመማር መብት ሳይሰማ አይወሰድበትም፥ ስሙም አይጎድፍም ብሎ ለተማሪዎቹ ፈረደ። ከዳይሬክተሩ የተጠየቀው ግን ቀላል ነው፤ ክሱን ይንገረው፥ ቢክድ ማስረጃውን ያስረዳው፥ ቃሉን ይስማው። ጠበቃ ማቆም ግዴታ አይደለም፤ ነገሩ በዚያው ቦታ በጥቂት ደቂቃ ሊፈጸም ይችላል። ለሰው የሚያሰጋ ተማሪ ቢሆን አስቀድሞ ማስወጣት፥ ፈጥኖም ቃሉን መቀበል ተፈቅዶአል። 4ቱ ዳኞች፥ ዳኛ በመምህር ሥራ ይገባል ብለው ተቃወሙ፤ እኛም ስጋታቸውን ከንቱ አንለውም፤ ብዙ ልጆች የሚያስተዳድር ሰው በየጥፋቱ ችሎት ሊዘረጋ አይችልምና። ሆኖም ጥቂት ደቂቃ መስማት ችሎት አይባልም።

በ1978 ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት በቺካጎ ስለ ተነሣ ሌላ ነገር፥ ሳይሰማ የተባረረ ተማሪ ቅጣቱ የተገባው ሆኖ ቢገኝና ጉዳቱንም ባያስረዳ፥ መብቱ ስለ ተነካ ብቻ ከ1 ዶላር የማይበልጥ ካሣ ይገባዋል ብሎአል።